እድራችን ሚዛን ይግዛ

«ልብ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ውስጥ ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። ደፋሩን ልበ ሙሉ፥ ቅኑን ልበ ቀና፥ የማይራራውን ልበ ደንዳና እንለዋለን። አስተውል ለማለት ስንፈልግ «ልብ በል» እንላለን፤ የረሳንም እንደሆነ «ልብ አላልሁም» ብለን እናመካኛለን። ነገር ግን በደረታችን ውስጥ ሌት ተቀን፥ በየቀኑም አንድ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል እየመታ ደምን ለመላው አካላችን ስለሚያድለው፥ መጠኑ የባለቤቱን ጡጫ ስለሚያህለው የሥጋ ልብ ስንነጋገር እምብዛም አንሰማም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ደከመ ልብ፥ ይልቁንም ልቡ የደከመበት ሰው ከሐኪም ቤት ውጭ ሊያገኘው ስለሚገባው ረዳት ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ነገሩን ወደ አእምሯችን ያመጡት በምናውቀው አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ የሆኑ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። መዝገብ ቤቱ ያለው በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ያርፋል። እኒህ ሰው ጧት ጧት ደረጃውን ሲወጡ በየፎቁ መታጠፊያ ላይ ቆም እያሉ ከግድግዳው የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያነባሉ። ማስታወቂያው ግን ያው የአምናው ነው። እኛ ወጣቶቹ ይህን እያየን አላስተዋልንም። እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ «ጋሼ ማስታወቂያ» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ሁላችንም ሳቅን። ኋላ እንደተረዳነው ከሆነ ጋሼ ማስታወቂያ ማንበባቸው ሳይሆን ትንፋሻቸውን መሰብሰባቸው ኖሯል።

ሌሊት የሚያድሩት ሦስት ትራስ ደራርበው፥ ከመተኛት ይልቅ ወደ መቀመጥ አዘንብለው ነበር። እግራቸው ስላበጠ የጫማቸውን ክር ማሰር ከተዉ ቆይተዋል። ይህን ሁሉ ለባለቤታቸው እንኳ በግልጽ አልነገሩም። ለምን ቢባል፥ «በሽተኛ ነው» ተብሎ ከሥራ መገለልን፥ ጡረታ ሳይደርስም ሰው ሲያዝንላቸው ማየትን ፈርተው ነው። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ትንፋሽ ስላጠራቸው በጎረቤት መኪና ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ብዙ ቀን ተኝተው እብጠቱ ጎደለላቸው፤ የክኒን ከረጢት ይዘውም ወጡ። በሁለተኛው ወር ደኅና የሆኑ ስለመሰላቸው ክኒኑን አቆሙ። በሦስተኛው ወር ተመልሰው ተኙ።

እንግዲህ የልብ ድካም ማለት ልብ መምታቱን አቆመ ማለት አይደለም። ልብ የሚፈለገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅተው፥ ወይም በሚገባ ላልቶ ደም መቀበል ሲሳነው የሚመጣ የዘወትር ሕመም ነው። ወደ ፊት መሄድ ያቃተው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ውኃው ሳንባ ውስጥ ሲቋጥር ትንፋሽ ያጥራል፥ ወደ እግር ሲወርድ ቁርጭምጭሚት ያብጣል፥ ሆድ ውስጥ ሲሞላ ምግብ ያስጠላል። ኩላሊትም የሚደርሰው ደም ስላነሰበት ጨውንና ውኃን አልለቅም ብሎ ይይዛል፤ ይህም በተራው የልብን ሸክም ያበዛዋል። ነገሩ በቅሎ በደከመች ቁጥር ጭነት እንደሚጨምርባት ነጋዴ ያለ ነው።

«ይህ የሽማግሌዎች ጣጣ ነው፤ እኛን ተማሪዎችንና ወጣት ሠራተኞችን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በኤውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በሰባ ዓመት ገደማ ባሉ ሰዎች ላይ መሆኑ እውነት ነው። በእኛ አህጉር ግን ሁኔታው ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በተካፈለችበት፥ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች ተደርጎ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 በታተመ ጥናት፥ ልባቸው ደክሞ ሐኪም ቤት የገቡ 1,006 ሕሙማን ተመዝግበው አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ከምክንያቶቹም ዋነኛው የደም ግፊት ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከመቶው ዐሥራ ስምንት ያህሉ ሞተዋል። የ52 ዓመት ሰው ማን ነው? አስተማሪያችን ነው፤ አለቃችን ነው፤ የትምህርት ቤት ወጪያችንን የሚከፍል አባታችን ነው።

ከዚህም ዝቅ ያለ ዕድሜ አለ። በልጅነት የሚይዝ፥ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ተሕዋስ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር የቁርጥማት ትኩሳት ሊያስከትልና የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ጉዳቱ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ፥ ልጁ ለትምህርት ወይም ለሥራ በደረሰበት ጊዜ ነው። ይህ በሽታ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚወሰድ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ ሊገታ የሚችል ሆኖ ሳለ፥ ዛሬም በድኻ አገሮች ወጣቶችን ይጎዳል። የዓለም የጤና ጉባኤ በ2018 ስለዚሁ በሽታ ልዩ ውሳኔ ያሳለፈውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲሁም አንዳንድ ሴቶች በእርግዝናቸው መጨረሻ ወይም ከወለዱ በኋላ ባሉት ወራት ልባቸው ይደክማል፤ ጎረቤትም «የአራስነት ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ሕመምተኛ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ሐኪሙን ለሩብ ሰዓት ያህል ያገኛል ብንል፥ በዓመት አንድ ሰዓት ይሆናል። ዓመቱ ግን 8,760 ሰዓት አለው። በቀሩት 8,759 ሰዓታት ሐኪሙ ማን ነው? ራሱ ሕመምተኛው ነው። ጨውን የሚቆነጥረው እርሱ ወይም ቤተ ሰቡ ነው፤ ክኒኑን የሚውጠው ወይም የሚረሳው እርሱ ነው፤ እብጠቱ ሲጀምር አስቀድሞ የሚያየው እርሱ ነው። ስለዚህ የልብ ድካም ሕክምና ግማሹ ዕውቀት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ዕውቀቱ ደግሞ ረቂቅ ፍልስፍና አይደለም። የመጀመሪያው ሚዛን ነው። ሕመምተኛው በየማለዳው ከሽንት በኋላ፥ ቁርስ ሳይቀምስ፥ በቀላል ልብስ፥ በአንድ ሚዛን ብቻ ተመዝኖ ቁጥሩን ይጽፋል። በሦስት ቀን ውስጥ ከሁለት ኪሎ በላይ ከጨመረ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውኃ ነው ማለት ይቻላል፤ ትንፋሽ እስኪያጥር ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ቤቱ መሄድ ወይም መደወል አለበት። የውኃው መጠራቀም ብዙውን ጊዜ ከጭንቁ ቀናት ቀደም ብሎ ስለሚጀምር፥ ሚዛን ከሌሊቱ ጩኸት አስቀድሞ የሚናገር ዘበኛ ነው።

ሁለተኛው ጨው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህም ከአንዲት ለጥ ያለች የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። በእኛ ማእድ ግን ጨው የሚገባው በወጡ ብቻ አይደለም። በሽሮው፥ በበርበሬውና በሚጥሚጣው ሲደባለቅ አስቀድሞ ገብቷል፤ በዳቦው ገብቷል፤ ከዚያም ወጡ ሲወጠወጥ ይጨመራል፤ ከቀረበም በኋላ ሳይቀመስ የሚነሰንስ አለ። ስለዚህ «ጨው ቀንስ» የሚለው ምክር ለሕመምተኛው ብቻ ተነግሮ ሽሮውን ለምታስፈጨው ባለቤቱ ካልተነገረ ከንቱ ነው።

ሦስተኛው መድኃኒት ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እንደ ፉሮሴሚድ ያለው የሚያሸናው ክኒን ሥራው ወዲያው ይታያል፤ እብጠቱን ያጎድላል፥ ትንፋሽንም ያቀልላል። እነ ኤናላፕሪል፥ ቢሶፕሮሎልና ስፓይሮኖላክቶን ግን ሥራቸው ቀስ ያለና ለባለቤቱ የማይታወቅ ነው። ነገር ግን ኤናላፕሪል በ1987፥ ሁለቱ ደግሞ በ1999 በታተሙ ጥናቶች የሕሙማንን ዕድሜ እንደሚያራዝሙ የተረጋገጠላቸው እነዚህ ናቸው። እብጠቱ ስለ ጎደለ ሁሉንም የሚያቆም ሰው፥ ዝናቡ ስላባራ ጣራውን የሚያፈርስ ሰው ማለት ነው። ጋሼም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ሳይታዘዙ ከመድኃኒት መደብር የሚገዙት እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ክኒኖች ጨውንና ውኃን ስለሚያስቀሩ፥ የደከመ ልብ ላለው ሰው ጠላት መሆናቸውን ማወቅ ይገባል።

ድሮ ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ የሚታዘዝለት ከአልጋ አለመነሣት ነበር። ዛሬ ግን ሕመሙ ከረጋ በኋላ በሐኪም ምክር ልክ ባለ መጠን መራመድ እንደሚጠቅም ታውቋል። ስለ ጠበልም እንዲሁ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ጠበል ሲጠመቁ መድኃኒት ማቆም ግዴታ የሚመስላቸው አሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒትን በሚመለከት ይኸው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፥ በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ምክሩ ለልብ ሕመምተኛም የሚሆን ይመስለናል። ጾምም ቢሆን፥ የክርስቲያኑ ሆነ የእስላሙ፥ የክኒኑን ሰዓት ስለሚነካ አስቀድሞ ከሃይማኖት አባትም ከሐኪምም ጋር መነጋገር ይሻላል።

ይህን ሁሉ ሐኪም ይናገራል፤ ጽሑፍም ያትመዋል። ታዲያ ስለምን አይፈጸምም? መልሱን ያገኘነው ከጋሼ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ተኝተው ከወጡ በኋላ በክትትል ቀናቸው በወረፋው አግዳሚ ላይ ሲጠብቁ አንዲት እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት አጠገባቸው ተቀመጠች። እርሷም የዚሁ ሕመም ባለቤት ኖራለች፤ ይዟት ስድስት ዓመት አልፏል። ማንበብ አትችልም። ነገር ግን በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፥ ቁርስ ሳትቀምስ፥ በመንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ሰው የሚመዝን ልጅ ዘንድ ትቆማለች፤ ልጁ ቁጥሩን ያነብላታል፥ እርሷም በቃሏ ትይዛለች። «ጋሼ፥ እኔ ሁለት ኪሎ ከጨመርኩ ከማንም ጋር አልማከርም፤ በቀጥታ እዚህ እመጣለሁ። እርስዎ እኮ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እንዴት ክኒን ያቆማሉ?» አለቻቸው። ጋሼ ሲያጫውቱን እንዲህ አሉ፦ «ሐኪሙ ሲቆጣኝ ሰበብ አላጣሁም ነበር፤ እርሷ ስትጠይቀኝ ግን የምመልሰው አጣሁ።»

ነገሩ ይህ ነው። ሐኪም የሚናገረው ከሚያውቀው ነው፤ የታመመ ሰው ለታመመ ሰው የሚናገረው ከኖረበት ነው። ሐኪሙ «ጨው ቀንስ» ይላል፤ ጓደኛው ግን «በሎሚ፥ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ስታጣፍጠው በሳምንትህ ትለምደዋለህ» ይላል። ሐኪሙ «አትጨነቅ» ይላል፤ ጓደኛው ግን «እኔም ሌሊት ሌሊት ፈርቼ ነበር» ይላል። የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል በከባድ የመንፈስ ጭንቀት እንደሚያዝ ጥናቶች አሳይተዋል፤ የተጨነቀ ሰው ደግሞ ክኒኑንም ሚዛኑንም ይተዋል። ተራ ሰው ከሚያውቀው መማር ነውር አለመሆኑን የሕክምና ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1785 ዲጂታሊስ ስለተባለው ዕፅ ስመ ጥር መጽሐፉን ያሳተመው፥ በሽሮፕሺር አውራጃ አንዲት አሮጊት በምስጢር ይዘውት ከነበረ የእብጠት መድኃኒት ተነሥቶ ነው። ይሁን እንጂ ዕፁ ከመጠን ሲያልፍ መርዝ ስለሆነ ልኩን ለማግኘት የሐኪሙ ትዕግሥት አስፈልጓል። ሁለቱ ዕውቀቶች የተደጋገፉት እንዲህ ነው።

በሌላም አገር ይህ ተሞክሯል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በ1951 የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አራት ሰዎች ከሐኪማቸው ከድዋይት ሃርከን ጋር ሆነው፥ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡትን ሕሙማን የሚያጽናና ማኅበር መሥርተዋል። በእኛም አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተቋቋሙት መቅድምና ተስፋ ጎሕ የተባሉት ማኅበራት፥ ስሙን መጥራት ያስፈራ በነበረበት ዘመን ቫይረሱ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች አሰባስበው እርስ በርስ እንዲደጋገፉ አድርገዋል።

ነገር ግን አንባቢን ላለማሳሳት የተቃራኒውንም መናገር ይገባናል። በአሜሪካ በሚሺጋን የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ሁለት ሁለት አድርጎ በስልክ እንዲጠያየቁ ያደረገ አንድ ጥናት በ2013 ታትሞ ነበር፤ ከነርስ ክትትል የተሻለ ውጤት አላሳየም። ከተጣመሩትም ብዙዎቹ እምብዛም ሳይደዋወሉ ቀርተዋል። ከዚህ የምንማረው መደጋገፍ አይጠቅምም ማለትን አይደለም፤ የማይተዋወቁ ሰዎችን በወረቀት ማጣመር ወዳጅነትን እንደማይፈጥር ነው። ወዳጅነቱ አስቀድሞ ባለበት ቦታ ላይ መሥራት ይሻላል።

ያ ቦታ በእኛ ዘንድ የት ነው? እድር ነው። እድራችን ድንኳን አለው፥ አግዳሚ ወንበር አለው፥ ድስትና ሰሐን አለው፤ ዳኛ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። አባሉ ሲሞት ጥሩምባ ያስነፋል፥ ይቀብራል፥ ያስተዛዝናል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን ለሞተ ጎረቤት ሦስት ቀን የምንቀመጥ ሰዎች፥ በሕይወት ላለ ጎረቤት በሳምንት ግማሽ ሰዓት ስለምን አንቀመጥም? የአንድ ሚዛንና የአንድ የደም ግፊት መለኪያ ዋጋ ከአንድ ድንኳን ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ እድራችን ሚዛን ይግዛ እንላለን። ሚዛኑ በእድሩ ቤት ይቀመጥ፤ ልቡ የደከመበት ሁሉ በየማለዳው ይመዘንበት፤ የእድሩ ወጣት ጸሐፊም ቁጥሩን በደብተር ይያዝለት። በወር አንድ እሑድም እንዲህ ያለ ሕመም ያለባቸው ቡና አፍልተው፥ በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ጋብዘው ይጨዋወቱ።

ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንደኛው «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው ነው። መድኃኒቱ እንዳይጠፋ፥ ዋጋው እንዲቀምስ፥ ነርሱ እንዲሠለጥን ማድረግ የመንግሥት ሥራ መሆኑን አንክድም፤ መጠየቅም አለበት። ነገር ግን በማንም ቤት ገብቶ ጨው የሚለካ መንግሥት የለም። ሁለተኛው «ምስጢር ይወጣል» የሚለው ነው። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ ስለዚህ የሚመጣው በፈቃዱ ይምጣ፥ ደብተሩም በአንድ ሰው እጅ ይቆለፍ፥ ያወራ ሰውም በእድሩ ሕግ ይቀጣ። ሦስተኛውና ብርቱው «ተራ ሰው ሐኪም ይሆናል» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ሕጉ አጭር ነው፦ ልምድ ይነገራል፥ ክኒን ግን አይዋዋሱም፤ የመድኃኒት መጠን አይጨምሩም፥ አይቀንሱም። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው፥ ደረቱን የጨነቀው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ምክር ሳይሆን የሚያስፈልገው መኪና ነው።

ለእናንተም፥ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ተማሪዎች፥ የምንለው አለን። በሥራችሁ ቦታ ሰው በደረጃ ላይ ቆም ቢል «ሰነፍ» አትበሉት፤ ጠይቁት። አለቃ የሆናችሁ ለክትትል ቀን ፈቃድ ስትሰጡ ፊታችሁን አታጥቁሩ፤ ለቀብር ያለ ጥያቄ የሚፈቀደው ቀን ለሕክምና ስለምን ይከለከላል? ተማሪ የሆናችሁ ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ የአባታችሁን የመድኃኒት ከረጢት አንብቡ፤ የደም ግፊታቸውን አስለኩ፤ የታናሽ ወንድማችሁም የጉሮሮ ሕመም ሲደጋገም «ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት። ተምረናል ካልን የተማርነው በቤታችን ይታይ።

ጋሼ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ልባቸው እንደ ጥንቱ አልሆነም፤ አይሆንምም፤ በየማለዳው ይመዘናሉ፥ ክኒናቸውንም አላቋረጡም። ሊፍቱ ባረፈ ቀን አሁንም በየፎቁ ቆም ይላሉ። ልዩነቱ ብቻቸውን አለመቆማቸው ነው፤ ያን ስም ያወጣላቸው ወጣት አብሯቸው ቆሞ ይጫወታል። በሁለተኛው ፎቅ የነበረው የአምናው ማስታወቂያም ተነሥቷል። በእርሱ ፈንታ ጋሼ በገዛ እጃቸው ጽፈው የለጠፉት ወረቀት አለ፤ የሚለውም «ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው፥ ማታ እግሩ የሚያብጥ ሰው ቢኖር አይደብቅ። መዝገብ ቤት ይምጣና እንነጋገር» ነው።

እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ አራት ሰዎች መጥተዋል። ከአራቱ አንዱ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል።